ሦስተኛው ፈትል
ስለ ዲ.ኤን.ኤ. መያያዝና መቅለጥ በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የሳይንስ ክበቡ ይህን ንግግር እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከአራታችን ሁለቱ የፊዚክስ፣ ሁለቱ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ነን። የሥነ ሕይወቶቹ «ስለ ዲ.ኤን.ኤ. እንናገር» ሲሉ፣ የፊዚክሶቹ ደግሞ «ስለ ሙቀት እንናገር» አሉ። ሁለቱ አርእስት አንድ መሆናቸውን የተማርነው በገዛ ስሕተታችን ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ከስሕተታችን እንጀምራለን፤ እናንተም እንደማትፈርዱብን ተስፋ እናደርጋለን።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በዚህ አዳራሽ ያለነው ሁላችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ «በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብለን መልሰን ነጥብ አግኝተንበታል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቶቻችን ይህን ነገር ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ በደጋ አገር ባቄላ ቶሎ አይበስልም ይላሉና። እኛ ግን ለፈተና የሸመደድነውን ቁጥር ይዘን ወደ ላቦራቶሪ ገባን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባሉት በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተን፣ ተገምደው የሚገኙትን ሁለቱን ፈትሎች ለመለያየት ፈለግን። በእጃችን የነበረው የሥራ መመሪያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ማቆየትና ወዲያው በበረዶ ማቀዝቀዝ እንደሚበቃ ይናገራል። እንደ ተባለው አደረግን፤ ፈትሎቹ አልተለያዩም። ደገምን፤ አሁንም አልሆነም። በመጀመሪያ ኬሚካሉን ጠረጠርን፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ጠረጠርን፤ በመጨረሻም እርስ በርሳችን መጠራጠር ጀመርን። «ጨው የመዘነው ማነው?» «ቱቦውን ያጠበው ማነው?» እያልን ሦስት ሳምንት ካባከንን በኋላ ከመካከላችን አንዱ በሚፈላው ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነከረ። ቴርሞሜትሩ 92 አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

መመሪያው አልዋሸም። የተጻፈው ግን ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት ዝቅተኛ አገር ላለ ሰው ነበር። እኛም ቁጥሩን ስንዋስ ቁጥሩ የተወለደበትን ሁኔታ ሳንዋስ ቀረን። ነገር ግን «ስምንት ዲግሪ ብትጎድል ምን ያህል ታበላሻለች?» የሚል ጥያቄ ተከተለ። ይህን ለመመለስ ነው ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ ወደሚባለው ትምህርት የዞርነው፤ የዛሬው ንግግራችንም የዚያ ጉዞ ውጤት ነው።

ለሕግ፣ ለቋንቋና ለንግድ ሥራ ተማሪ ጓደኞቻችን ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ጥቂት መናገር ይገባናል። ዲ.ኤን.ኤ. ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ትእዛዝ የተጻፈበት ረጅም ሞለኪዩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የሞሪስ ዊልኪንስ የኤክስ ሬይ ሥራ ረድቷቸው፣ ሞለኪዩሉ ሁለት ፈትሎች እርስ በርስ ተጠማዘው የተገመዱበት መሆኑን አስታወቁ። በእያንዳንዱ ፈትል ላይ አራት ዓይነት ፊደላት ተሰካክተዋል፤ እነርሱም ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላሉ። ኤ ከቲ ጋር በሁለት፣ ጂ ከሲ ጋር በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉ። ከዚህም በላይ ግምዱን የሚያጸናው ፊደላቱ በሞሶብ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ መተኛታቸው ነው። ከአንዱ ፊደል እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 0.34 ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ሁሉ ቢዘረጋ ግን 2 ሜትር ያህል ይሆናል።

ይህ ግምድ ሲሞቅ ሁለቱ ፈትሎች ይለያያሉ። ይህንንም ሊቃውንቱ «መቅለጥ» ይሉታል። ቃሉ ቅቤን አሳስቦ እንዳያሳስታችሁ፤ ፈትሎቹ ራሳቸው አይበጠሱም፤ የሚፈታው መያያዛቸው ነው። መቅለጡንም በዓይን ማየት ባይቻል በብርሃን መለካት ይቻላል። የሞገዱ ርዝመት 260 ናኖሜትር የሆነው አልትራቫዮሌት ብርሃን በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ይዋጣል። ፊደላቱ ተነባብረው ሲተኙ የሚውጡት ብርሃን ያንሳል፤ ሲፈቱ ይጨምራል። ጭማሪውም 40 በመቶ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ቱቦውን ቀስ እያሉ እያሞቁ የሚዋጠውን ብርሃን ቢመዘግቡ፣ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆይና በጥቂት ዲግሪዎች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም እንደገና ጠፍጣፋ ይሆናል። የዳገቱ መካከል የመቅለጫ ሙቀት ይባላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ፈትሎቹን አያይዞ የሚይዛቸው ምንድን ነው? የሚለያያቸውስ? መያያዛቸው ጉልበትን ስለሚቀንስላቸው ነው፤ ተፈጥሮም ዝቅተኛ ጉልበት ይስማማታል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ፈትሎቹ ለዘላለም በተያያዙ ነበር። በሌላው ወገን የቆመ ተቃዋሚ አለ፤ እርሱም የመንገድ ብዛት ነው። በቅዳሜ ገበያ መርካቶ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ጓደኛሞችን አስቡ። እንደ ተያያዙ ለመቆየት አንደኛው በሄደበት ሁለተኛው መሄድ አለበት። እጃቸውን የለቀቁ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ በፈለገው ጉራንጉር ሊገባ ይችላል። አንድ ላይ የሚሆኑበት መንገድ ጥቂት ነው፤ የሚለያዩበት መንገድ እጅግ ብዙ ነው። ግፊያው ሲበረታ ማንም ሊለያያቸው ሳያስብ፣ በመንገዱ ብዛት ብቻ ይለያያሉ።

ግፊያው ሙቀት ነው። የመንገዱ ብዛት ደግሞ ኢንትሮፒ የሚባለው ነው፤ በቪየና ከተማ በሉድቪግ ቦልትስማን መቃብር ላይ የተቀረጸው ፎርሙላም ስለዚሁ የሚናገር ነው። የሙቀት መጠን ዝቅ ሲል ጉልበት ያሸንፋል፤ ፈትሎቹም ይያያዛሉ። ከፍ ሲል የመንገድ ብዛት ያሸንፋል፤ ፈትሎቹም ይለያያሉ። የመቅለጫ ሙቀት ማለት እንግዲህ የሁለቱ ባላጋራዎች ሚዛን እኩል የሚሆንበት ቦታ ነው። የውሃ መፍላትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሚዛኑ ላይ የአየር ግፊት ስለሚጨመር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚህም የተነሣ የመቅለጫ ሙቀት የዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ጠባይ ነው ማለት አይቻልም፤ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ በሚዛኑ ላይ እጁን ያሳርፋል።

ከዙሪያው ነገሮች ዋናው ጨው ነው። ሁለቱ ፈትሎች ከላይ እስከ ታች ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙ ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በውሃው ውስጥ ያለው የጨው ሶዲየም በመካከላቸው ገብቶ ግፊያውን ያበርዳል፤ እንደ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል ማለት ነው። ጨው ሲያንስ አስታራቂ ያንሳል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ጁሊየስ ማርመርና ፖል ዶቲ የብዙ ፍጥረታትን ዲ.ኤን.ኤ. ካቀለጡ በኋላ አንድ ቀላል ሕግ አወጡ። በተወሰነ የጨው መጠን፣ ይኸውም በሊትር 0.2 ሞል አካባቢ በሆነ ሶዲየም፣ የመቅለጫው ሙቀት 69.3 ሲደመር 0.41 ሲባዛ በጂና በሲ መቶኛ ነው። የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ከመቶ 41 ያህሉ ጂና ሲ ስለ ሆነ ወደ 86 ዲግሪ ይመጣል። የስትሬፕቶማይሲስ ግን ከመቶ 70 በላይ ነው። ሰባን በ0.41 አባዙና 69.3 ጨምሩበት፤ 98 ዲግሪ ይሆናል። ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ በ92 ዲግሪ እያፈላን በ98 የሚቀልጠውን ለማቅለጥ ሦስት ሳምንት ስንደክም ነበር። በ92 ዲግሪ ኤና ቲ የበዙበት ስፍራ እዚህም እዚያም ይከፈታል፤ ነገር ግን አንድ ስፍራ እንኳ እንደ ተያያዘ ከቀረ፣ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ይገጥማል።

መፍትሔውም ከዚሁ ተገኘ። ጨው አሥር እጥፍ በቀነሰ ጊዜ የመቅለጫው ሙቀት 16 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤውን አሥር እጥፍ ባነሰ ጨው አሟሟነው፤ የመቅለጫው ሙቀት ወደ 82 ወረደ፤ የአዲስ አበባ የፈላ ውሃም በቃው። ሰማዩን ዝቅ ማድረግ ባይቻለን ጨዉን ዝቅ አደረግን። በብርሃኑ መለኪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያየን ዕለት የተሰማንን ደስታ ለመናገር ጊዜው አይበቃንም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ሚዛን ነው። የፊዚክስ ተማሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። መስመሩ በጥቂት ዲግሪዎች ውስጥ እንዲያ ሽቅብ የሚወጣው ለምንድን ነው? ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ኤርንስት ኢዚንግ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፉ ነገሮች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ብቻ እየተሳሳቡ፣ በአንድ የተወሰነ ሙቀት ላይ በድንገት ሁኔታቸውን ሊለውጡ እንደማይችሉ በስሌት አሳይቶ ነበር። ምክንያቱም ረጅሙን ሰልፍ በአንድ ቦታ ማቋረጥ የሚጠይቀው ጉልበት ጥቂት ሲሆን፣ ማቋረጫው ሊሆን የሚችለው ቦታ ግን እጅግ ብዙ ነው። ዲ.ኤን.ኤም የፊደላት ሰልፍ ነው። ታዲያ እንዴት ከኢዚንግ ሕግ አመለጠ?

መልሱ በአረፋው ውስጥ ይገኛል። ግምዱ ሲሞቅ በመካከሉ እየተከፈተ፣ በሁለት ጫፍ የተያያዘ፣ ውስጡ ግን የተፈታ ቀለበት ይሠራል፤ ይህን አረፋ እንበለው። በአረፋው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ፈትሎች እንደ ፈለጉ ይወዛወዛሉ፤ ነገር ግን መጨረሻቸው ላይ መገናኘት ግዴታቸው ነው። ይህ ግዴታ የመንገዳቸውን ብዛት ይቀንሰዋል። ቅነሳውም አረፋው በረዘመ መጠን ይበልጣል፤ የርዝመቱን ኃይል፣ ማለት ርዝመቱን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ፣ ያካፍለዋል። ይህን ቁጥር በ«ሲ» ፊደል ይጽፉታል፤ ከዲ.ኤን.ኤው ሲ ጋር እንዳይምታታ እኛ «የአረፋ ቁጥር» እንበለው። አረፋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመቱን ያስታውሳል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የጎረቤት ለጎረቤት ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ከኢዚንግ ሕግም አመለጠ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዳግላስ ፖላንድና ሃሮልድ ሼራጋ ይህን አሰሉት። የአረፋ ቁጥር ከ1 ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ እውነተኛ መቅለጥ የለም። ከ1 በልጦ እስከ 2 ድረስ ከሆነ መቅለጡ ቀስ እያለ ይመጣል። ከ2 የበለጠ እንደ ሆነ ግን በረዶ ውሃ እንደሚሆን መቅለጡ በድንገት ነው። ፈትሎቹ እርስ በርሳቸው ማለፍ የሚችሉ ጥላዎች ናቸው ብለን ካሰብን ቁጥሩ 1.5 ነው። በዚያው ዓመት ማይክል ፊሸር ፈትል በራሱ ሥጋ ውስጥ ማለፍ እንደማይችል አስቦ ወደ 1.76 ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሪቭ ካፍሪ፣ ዴቪድ ሙካሜልና ሉካ ፔሊቲ አረፋው ከቀረው ግምድ ጋር መጋፋቱንም ጨምረው ሲያሰሉ ቁጥሩ ከ2 በለጠ፤ ወደ 2.1 ደረሰ። ከ1.76 ወደ 2.1 የተደረገችው ትንሽ እርምጃ መልሱን ከ«ቀስ በቀስ» ወደ «በድንገት» ለወጠችው። ለዚህ እርምጃ ሠላሳ አራት ዓመት ጠየቀ። ሰዎቹን ያራመዳቸውም «የረሳነው አለ ወይ? ማን ከማን ጋር ይጋፋል?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ፈትል እንምጣ። የዲ.ኤን.ኤ. ግምድ የሁለት ብቻ ነው ብለን የተማርን ብዙ ነን። ነገር ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሁለቱ ፈትሎች ከታወቁ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጋሪ ፌልሰንፌልድ፣ ዴቪድ ዴቪስና አሌክሳንደር ሪች የዲ.ኤን.ኤ. ዘመድ ከሆነው ከአር.ኤን.ኤ. ሦስት ፈትል ያለው ግምድ ሠሩ። አንዱ ፈትል ኤ ብቻ የተጻፈበት፣ ሁለቱ ደግሞ የቲ ምትክ የሆነው ዩ ብቻ የተጻፈባቸው ነበሩ። ማግኒዚየም በጨመሩ ጊዜ የሚዋጠው ብርሃን እጅግ ዝቅ ያለው፣ ሁለት እጅ ዩ ለአንድ እጅ ኤ ሲሆን ነበር። ሦስተኛው ፈትል በሁለቱ መካከል ባለው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የሚይዝበትም መንገድ እ.ኤ.አ. በ1963 የፊደላቱን አያያዝ በክሪስታል ባሳየው በካርስት ሁግስቲን ስም ይጠራል።

በላቦራቶሪ እንደሚታየው፣ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ፈትል ደካማ እንግዳ ነው። ቱቦው ሲሞቅ አስቀድሞ እርሱ ይለቃል፤ ሁለቱ እንደ ተያያዙ ይቀራሉ፤ ከዚያም ሙቀቱ ሲጨምር ሁለቱም ይለያያሉ። በብርሃኑ መስመር ላይ ሁለት ዳገት ይታያል። እንግዲህ «ሁለቱ ከተለያዩ ሦስቱማ ቀድመው ይለያያሉ» ብለን ብንደመድም ማንም አይፈርድብንም። እኛም በመጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970 በሌኒንግራድ ይሠራ የነበረው ቪታሊ ኤፊሞፍ ስለ ጥቃቅን አካላት ሲያሰላ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ሁለት ሁለቱን ስንወስዳቸው ለመያያዝ ጥቂት ብቻ የሚጎድላቸው አካላት፣ ሦስት ሲሆኑ ሊያያዙ ይችላሉ። እንዲያውም ሁለቱ ሊያያዙ በተቃረቡበት ልክ ላይ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው 22.7 ጊዜ የሚሰፋ፣ መጨረሻ የሌለው የሦስትዮሽ መያያዝ ደረጃ ይገኛል። ብዙ ሊቃውንት በጥርጣሬ የተመለከቱት ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2006 በኦስትሪያ አገር በኢንስብሩክ ከተማ እጅግ በቀዘቀዙ የሲዚየም አቶሞች ላይ በሙከራ ታየ።

ይህ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ምን አገናኘው? በኳንተም ፊዚክስ አንድ አካል በጊዜ ውስጥ እየተቅበዘበዘ የሚሄድበት መንገድና አንድ ፈትል በርዝመቱ እየተጠማዘዘ የሚሠራው መስመር በሂሳብ ወንድማማች ናቸው፤ በአንዱ ጊዜ የሆነው በሌላው ርዝመት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሕንድና ከጣሊያን አገር የመጡ አራት የፊዚክስ ሊቃውንት፣ ጃያ ማጂ፣ ሶመንድራ ባታቻርጂ፣ ፍላቪዮ ሴኖና አንቶኒዮ ትሮቫቶ፣ ይህን ዝምድና ተከትለው ስሌቱን ወደ ዲ.ኤን.ኤ. አመጡት። ውጤታቸውም፣ እያንዳንዱ ፈትል ከሌሎቹ ከሁለቱም ጋር መያያዝ የሚችል እንደ ሆነ፣ ሁለት ፈትሎች ብቻቸውን ሊያያዙ በማይችሉበት ሙቀት ሦስቱ ተያይዘው ሊኖሩ ይችላሉ የሚል ነው። ከሦስቱ አንዱን ያወጣችሁ እንደ ሆነ የቀሩት ሁለቱ ወዲያው ይለያያሉ።

እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በልባችሁ እንደ መጣ እናውቃለን፤ በእኛም ልብ መጥቶ ነበር። ነገር ግን በተረቱ ቶሎ እንዳንረካ እንጠንቀቅ። ድሩ አንበሳውን የሚያስረው ኃይል ከኃይል ጋር ስለሚደመር ነው። በሦስቱ ፈትሎች ስሌት ውስጥ ግን ልዩ የሦስትዮሽ ኃይል የሚባል አልተጨመረም፤ የሚያያዙት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው። ምሥጢሩ በየተራ መለዋወጣቸው ነው። በመቅለጫው ሙቀት አካባቢ ግምዱ ትንሽም ትልቅም አረፋ ይሞላዋል። አንደኛውና ሁለተኛው ፈትል አረፋ ከፍተው ሲራራቁ፣ ሦስተኛው ገብቶ ከአንዱ ጋር ይያያዛል። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ እርሱ ይለቅና ሌሎቹ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ወደ መርካቶ እንመለስ። ሁለት ጓደኛሞች ግፊያ ቢለያያቸው እያንዳንዱ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ያንንም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሦስት ቢሆኑ ግን አንዱ ሲጠፋ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፤ ጠፊውም ከሁለቱ ማንኛውን ቢያገኝ ይበቃዋል። ያገኘውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ይጠፋል፤ እርሱም በተራው ይመለሳል። በአንድ ጊዜ ሦስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይታዩም ይሆናል፤ ማኅበሩ ግን አይፈርስም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ በዚህ ማድ ቤት ግን ወጡን የሚይዘው የጉልቻው መለዋወጥ ነው። ከዚህም የምንማረው፣ ሦስቱን ለማወቅ ጥንዱን ሦስት ጊዜ መመርመር እንደማይበቃ ነው። ሙሉው በሙሉነቱ መቆጠር አለበት።

«ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ከአዳራሹ ሳይነሣ እኛው እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኬሪ ሙሊስ ያሰበው፣ ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ዲ.ኤን.ኤ.ን የማብዛት ዘዴ ሥራው ማቅለጥና መልሶ ማያያዝ ነው። በ95 ዲግሪ አካባቢ ያቀልጣል፤ አቀዝቅዞ አጫጭር ፈትሎችን ያያይዛል፤ ይገለብጣል፤ ይህንም ሠላሳ ጊዜ ያህል ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ በአገራችንም በዓለምም የአፍንጫ ናሙና የተመረመረው በዚህ ዘዴ ነበር። መሣሪያው ቱቦውን ከድኖ ስለሚያሞቅ በአዲስ አበባም 95 ዲግሪ ይደርሳል፤ እንደ እኛ በግልጽ ድስት የሚያፈላ ቢሆን ኖሮ ግን በደረሰብን ነገር ይደርስበት ነበር።

የሦስት ፈትል ነገርም በሰው አካል ውስጥ ቦታ አለው። ፍሪድራይክ አታክሲያ በሚባለው፣ የልጆችን አካሄድና ልብ በሚጎዳው ሕመም፣ ጂ.ኤ.ኤ. የሚለው የሦስት ፊደል ቃል በአንድ ዘር ውስጥ በብዙ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1996 ታወቀ። ይህን የመሰለ ድግግሞሽ በላቦራቶሪ ሦስት ፈትል ያለው ግምድ ሲሠራ ታይቷል፤ ይህም የዘሩን ንባብ ያግዳል ተብሎ ይታመናል። ጂ የበዛባቸው ፈትሎች ደግሞ አራት ሆነው ይያያዛሉ። የዚህን አያያዝ ሥዕል ማርቲን ጌለርትና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳይተው ነበር፤ በክሮሞዞሞቻችን ጫፍ ላይ ያለው ጽሑፍም ይህን ሊሠራ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በካምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ባለ አራቱን ግምድ በሰው ሕዋስ ውስጥ አዩት።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ንግግራችንን ከማብቃታችን በፊት ሁለት ነገር እንለምናለን።

አንደኛው ለራሳችን ለተማሪዎች ነው። ደብተራችን በቁጥር የተሞላ ነው፤ 100፣ 95፣ 86፣ 1.5። ለፈተና እንጽፋቸዋለን፤ ከፈተናም በኋላ እንረሳቸዋለን። ከእንግዲህ ወዲህ ቁጥር ስንቀበል «ይህ በየት አገር ነው? በምን ግፊት? በስንት ጨው?» ብለን እንጠይቅ። ከሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ ማርመርና ዶቲ ያወጡት ሕግ ነው ከጭንቅ ያወጣን። ነገር ግን ሕጉን ስንረዳው ከገዛ ከፍታችን ጋር ልናስማማው ቻልን፤ ሳንረዳው በያዝነው ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት እርስ በርሳችን አጣላን።

ሁለተኛው ለመምህራኖቻችን ነው፤ በአክብሮት እናቀርበዋለን። ከአራታችን ቴርሞሜትሩን የነከረው የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ የባክቴሪያው ዲ.ኤን.ኤ. ጂና ሲ እንደሚበዛበት ያወቀችው ደግሞ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበረች። አንዱ ያለ ሌላው መልሱን አያገኝም ነበር። የተገናኘነው ግን በትምህርት መርሐ ግብር ሳይሆን በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ነው። ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች በወር አንድ ምሽት ላቦራቶሪያቸውን በጋራ ቢከፍቱልን፣ የኬሚስትሪውም ክፍል ሦስተኛ ሆኖ ቢጨመር፣ ብዙ ሳምንት ከመባከን ይድናል ብለን እናምናለን። ብርሃን መለኪያው አለን፤ ማሞቂያውም አለን፤ የቀረው የዳገቱን መስመር አብሮ መሣል ነው።

በዚያም ምሽት የመጀመሪያውን ድስት የምናፈላው እኛ ነን፤ ቴርሞሜትሩንም እንዳንረሳ ቃል እንገባለን።